አዝማሪው ያልተቀበለው ስም

ይህ የደረሰብን አምና በፋሲካ ሰሞን ነው። ዓመት ሞልቶታል። ዛሬም ግን ታክሲ ውስጥ ከሬዲዮ ማሲንቆ ስሰማ ያ ድካም ትከሻዬ ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። ሐዘን ያደክማል ይባላል፤ ሐዘንን ደብቆ መሳቅ ግን ከዚያም ይብሳል። እኔ በደንብ አውቀዋለሁ።

የምኖረው ዓለም ባንክ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከእናቴ ጋር ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ፋሲካ ሲቀርብ ሰው ሁሉ የሀበሻ ቀሚሱን ይዞ ይመጣል፤ ሁሉም «ለቅዳሜ ካልደረሰልኝ» ይላል። አምናም ያው ነበር። ዓይኔ ከመርፌው ላይ ሳይነሳ ሕማማት ገባ።

በሕማማት ማክሰኞ ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ደወለልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማዬ አጠገብሽ ናት?» አለኝ። «የለችም፣ ቤተክርስቲያን ናት» አልኩት። «ጋሼ ታደሰ አረፈ» አለኝ።

ጋሼ ታደሰ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አዳማ ነበር የሚኖረው። ጎጃም እያሉ እናታቸው ቀድማ ስለሞተች፣ እማዬ ናት አዝላ ያሳደገችው። እኛን ሳትወልድ በፊት ልጇ እሱ ነበር። በየፋሲካው ጠዋት ከማንም ቀድሞ ይደውልና «ዘነቡ፣ ዘንድሮም ዶሮው ላይ ጨው አበዛሽ?» ይላታል። እሷም ትሰድበዋለች፣ ትመርቀዋለች፣ ስልኩን ትዘጋለች። በቃ፣ የእሷ ፋሲካ የሚገባው ያኔ ነው።

ደረጀ ሁሉንም ነገር ወስኖ ነው የደወለው። ሲፈጥረው እንደዚህ ነው፤ ምክር የሚጠይቅ እየመሰለ ትዕዛዝ ይሰጣል። «ትንፍሽ እንዳትዪ» አለኝ። «ግፊቷን ታውቂያለሽ። ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ጾማ ጾማ በዓሉን እንዴት እናጨልምባት? በዓሉ ይለፍና በሳምንቱ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ከእድሩ ሽማግሌዎች ጋር መጥቼ እናረዳታለን።» ቀብሩ ላይም እሱ ብቻውን ተገኝቶ መጣ። ለእማዬ «ለሥራ አዳማ ደርሼ መጣሁ» አላት። እሷም «ታዴን አየኸው?» አለችው። «ደህና ነው» አላት። እኔ ያኔ ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

እውነቱን ለመናገር እኔም አልተቃወምኩም። መርዶ በወጉ በጠዋት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ እኔ ብቻዬን እንዴት አፌን እከፍታለሁ? ያን ሰሞን የዶሮውን ሽንኩርት አብረን ስንከትፍ አለቀስኩ፤ ሽንኩርት ባይኖር በምን አሳብብ ነበር እላለሁ። እማዬ «ዘንድሮ ሽንኩርቱ ክፉ ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ችግሩ ጎረቤት ነው። ወሬ ከሰው ቀድሞ ፎቅ ይወጣል። ከእኛ በላይ ያለችው ጴንጤዋ ጎረቤታችን፣ ደግ ሴት ናት፣ እማዬን ደረጃ ላይ አግኝታ እጇን ይዛ «እማማ ዘነቡ፣ እየጸለይኩልዎ ነው» አለቻት። እማዬ ቤት ገብታ «ይህች ልጅ ምን ሆኜ ነው የምትጸልይልኝ? ከስቻለሁ እንዴ?» አለችኝ። «ጾሙ ነው» አልኳት። ሌላ ጊዜ ሰላም ብሎ የሚያልፈው የእድሩ ጸሐፊም ቆሞ ጤንነቷን ጠየቃት። ይህን ለደረጀ ስነግረው «ከሰፈር እናውጣት» አለ።

ጓደኛው እንጦጦ ጫፍ፣ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው በኩል፣ ጫካው ውስጥ ቤት አለው። በዓሉን እዚያ ብናሳልፍ ማንም አያውቃትም፣ ማንም አይነግራትም። ቅዳሜ ጠዋት ዶሮዎቹን፣ ድስቱን፣ እንጀራውን መኪና ላይ ጭነን በዊንጌት፣ በአዲሱ ገበያ አድርገን ወጣን። እማዬ ከፊት ተቀምጣ መንገዱን ሙሉ ስትመርቀን ነበር። «ልጆቼ አስበውልኝ፣ አየር ሊያስቀይሩኝ» እያለች። እኔ ከኋላ ከዶሮዎቹ ጋር ነበርኩ። ምርቃቱ አንድ በአንድ አንገቴ ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል።

ቦታው እውነትም ያምራል። ባሕር ዛፉና ጽዱ ተደባልቆ ነፋስ ሲመጣ ጫካው በሙሉ ይተነፍሳል። ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሣሩ ላይ ተጋድሜ እንቅልፌን እጠግብ ነበር። ያን ቀን ግን እማዬ አፏን በከፈተች ቁጥር ደረጀን አያለሁ፣ ደረጀም እኔን ያያል።

እሑድ፣ እዚያው ቅርብ ካለ ቤተክርስቲያን ቅዳሴ አድራ ከገደፈች በኋላ፣ እማዬ ስልኳን ከእጇ አላወረደችም። ቁርስ ቀረበ፣ አልደወለም። ፀሐይ ሞቀ፣ አልደወለም። ራሷ ብትደውል ዝግ ነው። ደረጀ «እዚህ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ የለም» አላት። እሷም ወደ ዛፎቹ መሀል ገብታ ስልኩን ወደ ላይ እያነሳች፣ አሁን ወደዚህ አሁን ወደዚያ እየዞረች ቆየች። ነጠላዋ ቁጥቋጦ እየያዘው ስትጎትተው ከሩቅ አያታለሁ። ወዲያው የማኅበር ጓደኛዋ ደወለችና እንኳን አደረሰሽ ተባባሉ። እማዬ ስልኩን ዘግታ መጥታ «ኔትወርኩ ለእሷ ሠርቶ ለታዴ እምቢ አለ?» አለች። ደረጀ «አዳማ ነው የጠፋው» አለ። የሰው ልጅ ከተያያዘው ውሸት ለመውጣት የቱን ያህል ይቆፍራል!

ከሰዓት በኋላ ሌሎችም ቤተሰቦች ከከተማ መጥተው እዚህም እዚያም ዛፍ ሥር ምንጣፍ አነጠፉ። በዚህ መሀል አንድ አዝማሪ መጣ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ኮፍያ አድርጓል፣ ማሲንቆውን በነጠላ አንግቷል። ሁዳዴን ሙሉ ሰቅሎት የከረመውን ፋሲካ ሲሆን ይዞ የወጣ ነው። ከአንዱ ምንጣፍ ወደ አንዱ እየሄደ ይዘፍናል።

እማዬ ስታየው ፊቷ ፈካ። የጎጃም ልጅ ናት፤ ማሲንቆ ስትሰማ አያስችላትም። «ጥሩልኝ!» አለች። እኔ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ቢያንስ ስልኩን ትረሳለች ብዬ ነው።

መጥቶ ተቀመጠ፣ ጠላ ቀዳሁለት። እንደ ወጉ ስማችንን ጠየቀ። እማዬ ተራ በተራ ነገረችው። «ይሄ ልጄ ደረጀ ነው፣ ቤት አልሠራ ብሎ መኪና የገዛ። ይህቺ አስቴር ናት፣ ለሰው ስትሰፋ ለራሷ ቀሚስ የላት። እዚህ የሌለ ደግሞ አለ፣ ወንድሜ ታደሰ፣ አዳማ ያለው። ለሱ የምትዘፍነውን አስቴር በስልኳ ትቀርጽና እልክለታለሁ። ያፍራል!»

ደረጀ ብርጭቆ ሊያነሳ መስሎ ጎንበስ አለና አዝማሪው ጆሮ ላይ ሹክ አለው። እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁት። «ሰውየው አርፏል። እሷ አልሰማችም። ስሙን እንዳታነሳ» ነው ያለው። አዝማሪው ቀስቱን ጭራው ላይ ማሸት ጀመረ። ደረጀ ቀና ብሎ ጠቀስ አደረገኝ። ብልጠቱ ነው እንግዲህ።

ዘፈኑ ተጀመረ። ስለ ደረጀ መኪና ዘፈነ፣ ሳቅን። ስለ እኔ መርፌ ዘፈነ፣ እማዬ አጨበጨበች። ከዚያ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና ጉሮሮዋን ጠረገች። «ተቀበል!» አለችው።

«ፆሙም ተፈታልን፣ ዶሮውም ተበላ፣
ታደሰ ወንድሜ፣ ምን ያዘህ ከእኔ ሌላ?»

ማሲንቆው ጮኸ። አዝማሪው ግን አፉን አልከፈተም። ዜማውን በገመዱ ብቻ ተጫወተው። እማዬ ያልሰማት መሰላትና ጠጋ ብላ ደገመችለት። አሁንም ማሲንቆው ብቻ። «ተቀበል እንጂ ልጄ» አለችው። «ጉሮሮዬ ደርቆ ነው እማማ» አለ። ጠላ ተጨመረለት፣ ጠጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ግጥሙን ሰጠችው። አዝማሪው አንገቱን ደፍቶ ቀስቱን ወሰደ መለሰ፣ ወሰደ መለሰ። ከአፉ ግን አንድ ቃል አልወጣም።

አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም አለመቀበሉን እኔ ዓይቼ አላውቅም። ስድብም ቢሆን ይቀበላል። ሰካራም የሚሰጠውንም ይቀበላል። ሥራው እሱ ነው።

እማዬ እጇን ማሲንቆው ላይ አድርጋ አስቆመችው። «ስም እየለመነ የሚዘፍን ሰው፣ ስም ሰጥቼው የሚተወው ምን ቢሆን ነው?» አለች። ለእሱም ለእኛም አልነበረም የምትናገረው። ከዚያ ቀስ ብላ «ነግረውሃል?» አለችው።

«እኔ እንግዳ ነኝ እማማ» አለ። «ልጆችዎን ይጠይቁ።»

ደረጀ «እማዬ፣ ምን ነካሽ…» ብሎ ጀመረ። እሷ ግን እሱን አላየችም። ያየችው እኔን ነው። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት ከሕማማቱ ማክሰኞ ጀምሮ የያዝኩት ነገር ሁሉ ከእጄ ወደቀ። ሽማግሌ የለ፣ ጎህ የለ፣ ወግ የለ። «አዎ እማዬ» አልኳት። «ማክሰኞ። ረቡዕ ተቀበረ።»

አልጮኸችም። እንደምትወድቅ አስቤ ከኋላዋ ቆሜ ነበር፤ አልወደቀችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ጥለቱን ገለበጠች፣ መልሳ ለበሰች። መቀነቷን ወገቧ ላይ አጠበቀች። ከዚያ ወደ አዝማሪው ዞረች። ድምፅዋ በጭንቅ ነው የተሰማው።

«አሁን ተቀበል» አለችው።

«ሽንኩርት እየከተፍኩ ቤቴን ሳሰማምር፣
ታደሰ ወንድሜን አለበሱት አፈር።»

ተቀበለ። ኮፍያውን አውልቆ፣ ስሙን ሳይዘል ጠርቶ፣ ቀስ አድርጎ ተቀበለ። እማዬ ሌላ ሰጠችው፣ እሱንም ተቀበለ። በልጅነቱ እንዴት እንዳዘለችው፣ እንዴት ስሙን እየጠራች ከወንዝ ማዶ ትፈልገው እንደነበር፣ እኔ እንኳን ሰምቼው የማላውቀውን ሁሉ እየሰጠችው እሱ በማሲንቆ እያነሳ አለቀሰችለት። ደረጀ ዛፍ ተደግፎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ። ያን ሰሞን ሁሉ በሽንኩርት ያሳበብኩት ለቅሶ ያን ቀን ነው በእውነት የወጣልኝ።

ከፊት ለፊታችን ዛፍ ሥር ያሉት ሰዎች የሆነውን አላወቁም። ማሲንቆው ሲቆም እጃቸውን እያውለበለቡ አዝማሪውን ጠሩት። እሱም ተነስቶ፣ ሰጥተነው የነበረውን ብር እንኳን ሳያነሳ፣ እማዬን ፈቃድ ጠየቃት። «ሂድ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችው። እዚያ እንደደረሰ የእስክስታ ዘፈን ጀመረ። እነሱም ተነስተው ትከሻቸውን ይመቱ ጀመር። ደረጀ ተቆጣ። «ይሄ ሰው አያፍርም? ሄጄ ዝም ላሰኘው» ብሎ ተነሳ።

«ተወው» አለችው እማዬ። «ይዝፈን። የእነሱ ሰው በሕይወት አለ።»

ማታውኑ ዕቃችንን ሰብስበን ወደ ሰፈር ወረድን። ዊንጌት ስንደርስ እማዬ «ደረጀ» አለች። «ግፊቴ ዛሬም አልገደለኝም። ረቡዕም አይገድለኝም ነበር። አንድ እፍኝ አፈር በእጄ ባለብሰው ምን ነበር?»

በበዓሉ ማግስት ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ጴንጤዋም መጣች፣ እማዬ አቅፋት ረጅም ሰዓት አለቀሰች። እድሩ ወንበሩን አመጣ፣ እንደ ወጉ ሆነ። ግን የወንድሟ መቃብር ላይ ሳትቆም የቀረችው ቀረ፤ በምንም አይመለስም። እስካሁን ዶሮ አልሠራም አለች። ዘንድሮም የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጨው አንሶት ነበር፣ ማንም ምንም አላለም።

ደረጀ ዛሬም ያደረገው ለእሷ ብሎ እንደሆነ ያምናል። ምናልባትም እውነቱን ነው። አልጣላውም፣ ደክሞኛል። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። አሁንም የሆነ ሰው ሲታመም ወይ የሆነ ነገር ሲደርስ ደውሎ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «እማዬ አጠገብሽ ናት?» ይለኛል። እኔም «አዎ» እለዋለሁ። ሌላ ቃል ሳይጨምር ስልኩን ለእሷ አቀብላታለሁ።