ሃያ አራት ያልኩበት ቀን

ጠመኔ የነካ እጄን ሳልታጠብ ነው ከትምህርት ቤት የወሰዱኝ። ለምን እንደሆነ ያኔም አልነገሩኝም፣ ሲፈቱኝም አልነገሩኝም። ሮቤ ያስገቡኝ ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነበር፤ ብርዱ ከወገብ ይጀምራል። አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። እኔ የምተኛው ከብድሬ ከመጣ አንድ ገበሬ አጠገብ ነው።

ሰውዬው ደግ ነበር፤ እኔ ግን ዓይኑን ማየት አልፈልግም። ሚስቱ በየስድስት ቀኑ ከብት በሚጭን መኪና ተሳፍራ ያን ሁሉ መንገድ ትመጣለታለች። የእኔዋ ጎባ ናት፣ በሚኒባስ እዚሁ። መሥሪያ ቤት ይሰሙብኛል ብላ አንድ ቀን እንኳ አልመጣችም፤ ምግብ በሰው ትልካለች። ምን ልደብቅ፣ እሱን በጠሩት ቁጥር ቅጥል እል ነበር።

ፖሊሶቹ ምግቡን ተቀብለው ጠያቂውን ይመልሳሉ። በየአራት ቀኑ ተረኛ የሚሆነው አንዱ ብቻ አጥሩ ጋ አምስት ደቂቃ ያገናኛል። አንድ ቀን የእሱ ተራና ሚስትየው የምትመጣበት ቀን ገጠመ። ገበሬው ወጣ፣ ወዲያው እየሮጠ ተመለሰ።

«ባርሲሳ» አለኝ፤ መምህር ማለቱ ነው። «ወንድ ልጅ ወልዳልኛለች፤ ዛሬ ቤት ትታው ነው የመጣችው። ሕፃኑን በዚህ ብርድ በከንቱ እንዳታመጣው። እሷ በየስድስት ቀን፣ ይሄ ፖሊስ በየአራት ቀን፤ ከዛሬ ወዲያ መቼ ይገጥማሉ? ቶሎ በለኝ፣ ቆማለች።»

«በሃያ አራተኛው ቀን» አልኩት።

ውሸት አልነበረም። ሃያ አራት የአራትም የስድስትም ብዜት ነው። ትንሹ የጋራ ብዜት ግን አሥራ ሁለት ነው፤ ስንት ዓመት ለአምስተኛ ክፍል ያስተማርኩት ነገር። ልጁን የሚያይበትን ቀን አውቄ አራቅሁበት። «ገለቶሚ» ብሎ አመስግኖኝ ሮጠ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያው ፖሊስ ተረኛ ሆነ፣ ሚስትየውም መጣች። ልጁን ግን እናቷ ጋ ትታው ነበር። ያኔ የመለስኩለትን ክፍሉ ሁሉ ሰምቶ ስለነበር ገበሬው ሲገባ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ተሳስተሃል መሰለኝ፣ ባርሲሳ» አለኝ። «ሰው ነህ፣ ምን ታደርግ።»

አዎ ብል ያልፍ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አልተሳሳትኩም» አልኩት ሁሉም እየሰማ። «አውቄ ነው። ቀንቼብህ ነው።»

አንዱ ሊመታኝ ተነሳ፤ ገበሬው ያዘው። ከዚያ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረ። 

ይህ በሆነ በአራተኛው ቀን ተፈታሁ። ልወጣ ስል ገበሬው ቀና አለ።

«ሚስትህ በር ላይ ናት?»

«የለችም።»

«ካልመጣችልህ አንተ ሂድላት።»

ሄድኩላት። ዛሬም ጎባ አብረን ነን፤ ለምን አልመጣሽም ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ሰውዬው ልጁን ይየው አይየው አልሰማሁም። በሃያ አራተኛው ቀን ሮቤ ሄጄ ከሚስቱ ጋር አጥሩ ጋ መቆም እችል ነበር። አልሄድኩም፤ እንደገና ይይዙኛል ብዬ ፈራሁ። ያኔ የምቀናው በእሱ ነበር። አሁን የምቀናው ሳትፈራ ትመጣ በነበረችው በዚያች ሴት ነው።