ቀዩ ክር ያለበት ጆሮ

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ የይበልጣል ሴት ልጅ ለጌም የሚሆን ሄድፎን ልትገዛ ስትሄድ እኔንም አስከተለችኝ። ሻጩ አንዱን ከካርቶኑ አውጥቶ ሰካው፤ መብራቱ ቀለም እየቀያየረ በራ። «ቤዙ ደረት ይመታል» አላት። እኔ ግን የአዲሱ ስፖንጅ ሽታ ከደረሰኝ ጀምሮ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር፤ ባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር፣ በአክስቴ ግቢ በር ላይ፣ ስድስት ኮምፒውተር ባጨናነቃት ክፍል ውስጥ።

ከደቅ ደሴት ወደ ባሕር ዳር የመጣሁት በዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ለወንዶቹ ዜማ ሲያስተምሩ እኔ ከግድግዳው ውጭ ሆኜ እሰማ ነበር እንጂ ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው አልነበረም። አክስቴ ወስዳ አንደኛ ክፍል አስገባችኝ። አዲስ የሚገባ የሰባት ዓመት ልጅ ሁሉ በቁመቴ ተሳስቶ «ቲቸር» ይለኝ ነበር። አላርመውም ነበር።

አክስቴ ፋብሪካ ትውላለች። ልጇ ይበልጣል፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ በዚያች ክፍል ጌም ቤት ከፍቶ ነበር። በዚያ ዘመን ጌም ቤት የገባችሁ ሽታውን አትረሱትም፤ የጋለ አቧራ፣ ላብ፣ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ዳር ዳሩን የበቀለው እርጥብ ደንገል። ከሰዓት በኋላ ክፍሏ የተኩስና የጩኸት ነበረች። ጠዋት ግን የእኔ ነበረች። የከሰዓት ተማሪ ስለነበርሁና ቤት ውስጥ ሌላ ጠረጴዛ ስላልነበረን፣ ከጠፉት ኮምፒውተሮች ፊት ደብተሬን ዘርግቼ እጽፋለሁ። ሀሁን የለየሁት እዚያ ነው።

ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ሌላ ጌም ቤት ተከፈተና የሰፈሩ ልጆች ለሁለት ተከፈሉ። አክስቴ አንድ ቀን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«ይበልጣል፣ ወሩ እስኪያልቅ ይኸ ክፍል በሰው ካልሞላ ለልብስ ሰፊዋ አከራየዋለሁ።»

«እማዬ፣ ይሞላል!»

«አሁን ማን አለ? ይቺ ልጅና ዝንብ።»

ሁለቱ ጌም ቤቶች ሦስት ሦስት ተጫዋች አሰልፈው በእኛ ክፍል ሊገጥሙ ተስማሙ። ጨዋታው አምስት ዙር ነው፤ ሦስቱን ያሸነፈ የሰፈሩን ልጆች በሙሉ ይወስዳል። ይበልጣል ከተሸነፈ ክፍሏ ትሄዳለች፤ ክፍሏ ከሄደች ጠረጴዛዬም አብሮ ይሄዳል።

የሚጫወቱት የተኩስ ጌም ስለሆነ ጠላት ከመታየቱ በፊት ኮቴው መሰማት አለበት። በዚያ ላይ ክፍሉ ሁሌ ጫጫታ ነው። ስለዚህ ይበልጣል አርብ ጠዋት ከአንድ ነጋዴ ሦስት ዓይነት ሄድፎን ለሙከራ ይዞ መጣ። ተጫዋቾቹ ወዲያው ትልቁን አነሡ፤ ቦምብ ሲፈነዳ ጭንቅላት ያናውጣል። «ተዉ እስቲ፣ የዜማ ጆሮ ቤቴ እያለ!» አለ ይበልጣልና ጠራኝ።

በደሴታችን ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ሲቆም አንድ እንግዳ ቀድቶት፣ አባቴ በሲዲ የላኩልኝ ዜማ ነበረ። በእሱ ሞከርሁ። በትልቁ ሄድፎን ከበሮው ጸናጽሉን ዋጠው። ሁለተኛው ጥርት ያለ ነበር፤ ግን ጆሮ አፍኖ ስለሚይዝ በባሕር ዳር ሙቀት ሩብ ሰዓት አያስቀምጥም። ሦስተኛው ተራ ጥቁር ነገር ነው፣ ጌጥ የለው፣ ክብደት የለው። በእሱ ግን እያንዳንዱ ጸናጽል ለብቻው ተሰማኝ፤ ማን ከወዴት እንደቆመ መለየት ይቻላል።

«ይኸኛው» አልሁ።

«ይኼ እኮ የሬዲዮ ነው የሚመስለው!» አለ ሙሉቀን፣ ከሦስቱ ተጫዋቾች ትንሹ።

«አንተ ዝም በል፣ የምትሰማው በሆድህ ነው» አለው ይበልጣልና ከዚያው ዓይነት ሦስት አመጣ። ከዚያ ለእኔ፣ «የሺ፣ የቀኙ ጆሮ ላይ ቀይ ክር እሰሪበት፤ በጥድፊያ እያገላበጡ ያደርጉታል። ቀኙ የቱ እንደሆነ ከውስጥ በእንግሊዝኛ ተጽፏል» ብሎኝ ወጣ።

ከሁለት ሳምንት በፊት የእንግሊዝኛ ፊደል ጨርሻለሁ ብዬው ነበር። አልጨረስሁም፤ እንዲያውም አልጀመርሁም። ስለዚህ በማውቀው ሄድሁ። ማኅሌት ላይ መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ወደ መቅደሱ ለዞረ ሰው በቀኙ ያሉት የቀኝ ጌታው ወገን ናቸው። የደሴታችንን ቀኝ ጌታ ሻካራ ድምፅ አውቀዋለሁ። ሲዲውን ከፍቼ፣ እሳቸው በሚሰሙበት በኩል ክሩን አሰርሁ። በሦስቱም ላይ። በሥራዬ ኮርቼ ትምህርት ቤት ሄድሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት መስኮቱ ሳይቀር በልጆች ተሞላ። ጨዋታው ሲጀመር ከሙሉቀን ኋላ ቆሜ ነበር። ጠላት በስክሪኑ በግራ በኩል ብቅ ይላል፤ ሙሉቀን ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ከጀርባው ይመታል። አንድ ጊዜ ሲሆን ድንጋጤ ነው ይባላል። ሁለተኛ ሆነ። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። በሦስተኛው ጊዜ ገባኝ። ያ እንግዳ የቀዳው ከመቅደሱ በር በኩል ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ነበር፤ የእሱ ቀኝ የእኛ ግራ ነው።

መጀመሪያውን ዙር ተሸነፍን። ሙሉቀን ሄድፎኑን አወለቀና፣ «ይኸ ነገር ልክ አይደለም» አለ። ልናገር አፌን ስከፍት ይበልጣል ቀደመኝ።

«የመረጠችው የሺ ናት። በዚች ልጅ ጆሮ እምላለሁ። አንተ እጅህን አስተካክል!»

እንዲህ ብሎ ስለ እኔ የማለ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። አፌን ዘጋሁ። ሁለተኛውን ዙር ከዳር እስከ ዳር ቆሜ አየሁት፤ ወደ ቀኝ ሲዞሩ፣ ሲወድቁ፣ እንደገና ሲዞሩ። ሁለት ለዜሮ።

ከመንገዱ ማዶ የመጡት መሳቅ ሲጀምሩ ነው የተናገርሁት። «ገልብጣችሁ አድርጉት። ክሩ የታሰረው ግራው ላይ ነው።»

ይበልጣል ዞረ። «ከውስጥ ያለውን አላነበብሽውም?»

«ማንበብ አልችልም፣ ጋሼ። በማኅሌቱ ነው የለየሁት።»

«እሰይ! ሄድፎኑን ማኅሌት አስቁማዋለች!» አለ ከማዶዎቹ አንዱ፣ ቤቱም መስኮቱም በሳቅ ፈነዳ። ይበልጣል አልሳቀም። ሦስቱንም ሄድፎኖች በገዛ እጁ ገለበጠ። ሦስተኛውን ዙር አሸነፍን። ወዲያው አራተኛውን። ሙሉቀን ኮቴ ሲሰማ ቀድሞ ዞሮ ይጠብቅ ነበር። አምስተኛው ላይ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ቀርቶ፣ ሙሉቀን ጥይቱን ሲያጎርስ ተመታ።

ወሩ ሲያልቅ ልብስ ሰፊዋ ገባች። እስከዚያ በቀሩት ጠዋቶች ይበልጣል የሄድፎኑን ካርቶን ጀርባ ቀዶ የእንግሊዝኛ ፊደል አስጠናኝ። አንድም ቀን ክፉ አልተናገረኝም፤ የሚያውቀው ባለማወቅ መሳሳቴን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ትምህርቴን የተማርሁት አልጋ ላይ ተቀምጬ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ይበልጣልም ባጃጅ መንዳት ጀመረ።

ዛሬ የእሱ ልጅ ክፍሏን ዘግታ፣ አይታ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር በሄድፎኗ እያወራች ትጫወታለች። ተጫውታ ስትሸነፍ ከጀርባዋ ቆሞ የሚስቅ የለም፤ ወደ የት እንደዞረች የሚያይም የለም። ጸጥታው ጥሩ ነው። አክስቴ ብታየው ትወደው ነበር።

ሄድፎኑ በተገዛ ማግሥት፣ እሑድ፣ ከይበልጣል ጋር ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሳለ ያን ግጥሚያ አነሣ። ሙሉቀንን ዛሬም ይወቅሳል። ያን ጊዜ ነው የነገርሁት፤ ስሕተቴን ያወቅሁት በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያው እንደሆነ።

«ሁለተኛውን ዙር እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ።»

«ያኔ ብትነግሪኝ እቆጣሽ ነበር፣ የሺ፤ ይወጣልኝ ነበር። አሁን በስንት ዓመቴ ልቆጣ?»

ልጅ እያለሁ ያጠፋሁት ሁሉ በዕለቱ ይቆጡኝበትና በማግሥቱ ይረሳ ነበር። ይህኛው ብቻ ማንም ሳይቆጣኝበት ከእኔ ጋር አደገ።