ባለ መዝጊያው ክፈፍ

ጣሊያኖች ሥልጣኔ አመጣንላችሁ ብለውን ነበር። መተማ ላይ የደረሰው ሥልጣኔ ካፒታኖ የሚሉት የአንድ ሻምበላቸው የራሱ መልክ፣ በዘይት ቀለም የተሣለ ሥዕል ነው። ክረምቱ ሳይወጣ አብሮት የመጣውን ክፈፍ ምስጥ ጨረሰው። ባሕር የተሻገረ ሥልጣኔ ለቆላ ምስጥ ቁርስ እንኳ አልሆነም።

ፈረደ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሰሌዳ እየጠረበ የሚኖር አናጢ ነበር። ታናሽ ወንድሙ አለነ ለአርበኞች ጥይት አሻግረሃል ተብሎ ታስሮ ገመድ ይጠብቃል። ካፒታኖው ፈረደን አስጠርቶ በአስተርጓሚው በገብረማርያም አፍ፣ “ለመልኬ የሚገባ ክፈፍ ሥራ፤ ደስ ካለኝ ወንድምህን ውሰድ” አለው። ይህን ነው እንግዲህ ፍርድ የሚሉት።

ፈረደ ከጭልጋ የደረቀ ዋንዛ አስመጣ። የመጀመሪያውን ክፈፍ ሐሩሩ ማዕዘኑን አላቀቀው። ሁለተኛውን ያለ ምስማር፣ ጥርስ ለጥርስ አናክሶ ገጠመው፤ ጠበበና የካፒታኖውን ጆሮ ሸፈነ። ለነገሩ ያ ጆሮ ምን ሰምቶ ያውቃል። ፈረደ ግን ፈታው። ሦስተኛውን በጠርሙስ ስባሪ ፋቀ፣ በሰም አሸ፣ ጠርዙ ላይ ሐረግ ቀረጸ። በመጨረሻም የሚያውቀውን ትልቁን ክብር ጨመረለት፤ እንደ ቅዱሳን ሥዕል ግራና ቀኝ መዝጊያ።

“አያ ፈረደ፣ በር ምን ያደርግለታል?” አለ ገብረማርያም።

“ተገልጦ የሚውል ሥዕል የዝንብ ማረፊያ ነው። የተከበረ ይሸፈናል።”

“እሱ እኮ ቅዱስ አይደለም።”

“አለነ ይውጣልኝ እንጂ ክንፍም እቀጥልለታለሁ።”

በግብዣው ቀን ካፒታኖው በሹማምንቱ ፊት ሥዕሉ የተሸፈነበትን ጨርቅ ሲያነሳ እንደ ሬሳ ሣጥን የተዘጋ እንጨት ሆኖ አገኘው። አንዱ እንግዳ፣ “ቀብርህ መቼ ነው?” አለና ሳቀ።

“ክብር ነው ጌታዬ፤ በበዓል ቀን ይከፈታል” አለ ገብረማርያም።

“በሌላውስ ቀን?” አለ እንግዳው።

“ይዘጋል።”

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ለእንዲህ ያለ ጌታ ከጥይት ሳቅ ይብሳል።

ቅዳሜ፣ ገበያ መሐል፣ አለነን ሰቀሉት። ሬሳውን ለፈረደ ከለከሉት፤ መዝጊያውን እንዲነቅል ግን አዘዙት። ነቀለ። የማጠፊያውን ቀዳዳም በሰምና በእንጨት ብናኝ ምልክቱ እስኪጠፋ ደፈነው፤ እጁ የተበላሸ ሥራ አያውቅም።

ጎረቤት ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ “ምን ነክቶህ ነው በር የሠራህለት?” እያለ ይወቅሰው ጀመር። እኛ እንዲህ ነን፤ ሰቃዩን ትተን አናጢውን እንከሳለን።

ፈረደ መሬት መሬቱን እያየ፣ “መዝጊያውን ከፍቶ እንኳ አላየውም” አለ።