የአባቴ ማገጥ

አባቴ ከደጋው ገራዶ ወደ ኮምቦልቻ እኔ ዘንድ ሲመጡ የያዙት ሙስበሃቸውንና በጨርቅ የተቋጠረ የማገጥ ዘር ብቻ ነበር። ቅያሪ ልብስ እንኳ አልያዙም። ዓይናቸው እየጠፋ ነበር፤ ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብሎናል።

ማገጥ የመስክ አበባ ነው፤ ከባቄላ ወገን፣ ቅጠሉ ሦስት ሦስት፣ አበባው ወይን ጠጅ። እኛ አገር ማንም አይዘራውም፤ ክረምት ሲገባ ራሱ መስኩን ይሞላዋል። አባቴ ግን በዚህ ሙቀት፣ ሲሚንቶ በበዛበት የኪራይ ግቢ እንዲበቅልላቸው ፈለጉ።

«የዓይኔ ብርሃን ሳይሄድ አንዴ ሲያብብ ልየው» አሉ።

በመጀመሪያው ክረምት ከዘሩ ቆንጥሬ እንዲሁ በተንኩት። አንድም አልበቀለም።

«ልጄ፣ ቆዳው ደንዳና ነው» ብለው ሳቁብኝ። «እኛ ዘንድ ከብቱ በልቶ ከእበቱ ጋር ይጥለዋል። እዚህ በአሸዋ ፈትጊው።»

በሁለተኛው ክረምት ፈትጌ ዘራሁት፤ በቀለ። ዝናቡ ሲጠፋ ላጠጣው ብል አልፈቀዱም። በቀን አምስት ጊዜ አጠገቡ ተቀምጠው ውዱእ ያደርጋሉ፤ ውሃው ወደሱ ይወርዳል።

መውሊድ ሦስት ቀን ሲቀረው በግ ገዛሁ። የማገጡ እምቡጥ ጫፉ መቅላት ጀምሯል። በጉን ቧንቧው ላይ አስሬ፣ እንዳይታነቅ ብዬ ገመዱን አስረዘምኩለትና ወደ ፋብሪካ ሄድኩ። የእኔ አዘኔታ መቼም ቦታውን አግኝቶ አያውቅም።

ከሥራ ስመለስ ማገጡ ከነእምቡጡ ተግጧል። አባቴ ፍራሻቸው ላይ ሆነው «ፈካ እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ አባ፣ ፈክቷል። ነገ ጠዋት ያዩታል» አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ፈርቼ ነው።

በማግስቱ ስነሳ ቀድመውኝ ወጥተዋል። ቁጢጥ ብለው ጉቶውን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ። ኮቴዬን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደኔ መለሱ።

«ማሻአላህ፣ እንዴት ያምራል» አሉ።

የመውሊድ ዕለት ጥርሴን አሞኛል ብለው ከሥጋው አልቀመሱም።

ከቋጠሮው የተረፈውን ዘር በሚቀጥለው ክረምት ዘራሁት። መስከረም ላይ ጥግ ጥጉን ሞልቶ አበበ፤ በጉም አልነበረ። አባቴ ግን ቀንና ሌሊቱን መለየት ካቆሙ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። እጃቸውን ይዤ፣ ይነሱ ልውሰድዎት፣ ማገጡ አብቧል አልኳቸው።

እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጄ አወጡ።

«አምና አሳይተሽኛል እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።