ሚዛን የመሰከረባት ጿሚ

ዙበይዳን በሰኞ ገበያ የሚያውቃት ሁሉ በሁለት ነገር ያውቃታል፤ በርበሬዋ ውስጥ ባዕድ ነገር አትቀላቅልም፣ ጾሟንም አታጎድልም። በወር አበባ ያለፋትን የረመዷን ቀን እንኳ፣ ሌሎቹ ሴቶች ዛሬ ነገ ሲሉ፣ እሷ ከኢድ ማግስት ጀምራ በዚያ በደሴ ብርድ ቀዷዋን ጾማ ታወጣለች። የአላህ ዕዳ አያድርም ባይ ናት።

እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ አንድ የመስታወት ሚዛን ያዋረዳት። እውነቱን ለመናገር ሚዛኑ አላዋረዳትም፤ ባሏ ነው።

ባሏ ካሊድ ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ጠዋት ወርዶ፣ ማታ ሆጤ ወዳለው ቤታቸው ይመለሳል። ዘንድሮ ረመዷን ሊገባ ሲል የሥራ ጓደኞቹን ተከትሎ ጂም ጀመረ። መጀመሩ ባልከፋ፤ ጡንቻው ሳይደነድን ምላሱ ደነደነ እንጂ። ክብደት ብቻ ሳይሆን የሰውነትን ስብ በመቶኛ የሚናገር ሚዛን ገዝቶ መጣ። እሱ ሃያ አራት ሆነ፣ እሷ ሠላሳ ስምንት።

ባደገችበት ኩታበር ሰው ሲገናኝ «ማሻአላህ፣ ወፈር ብለሻል» መባባል ምርቃት ነው። ስለዚህ ቁጥሯ ከባሏ በመብለጡ መጀመሪያ ደስ ሊላት ቃጥቷት ነበር። ስድብ መሆኑ የገባት ፊቱን ስታየው ነው።

«ወደ ግማሽሽ የሚጠጋው እኮ ስብ ነው!» አላት።

«አብሽር፣ ረመዷን መጥቷል። በጾሙ ይወርዳል» አለችው።

አልወረደም። ካሊድ እሷን የሚለካት ከኮምቦልቻ ሲመለስ፣ መግሪብ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ምላሷ ከላንቃዋ ሲጣበቅ ነው። ቀሚሷ እየሰፋት ቁጥሩ ወደ ላይ ወጣ፤ አርባ አንድ ገባ። እህቱ ቢልቂስ አብራቸው ልታፈጥር የመጣች ዕለት ደግሞ ሚስቱን እንደ ሙክት ሚዛን ላይ አቆማትና ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበው።

«እየጾሙ ስብ መጨመር የት አገር ነው ያለው? ቅመሙን ልቅመስ እያልሽ ገበያ ውስጥ ምን እንደምትጎርሺ አላህ ይወቀው!»

ቢልቂስ ሳቀች። ዙበይዳ ግን ከሚዛኑ መውረድ አቃታት። ጾምሽን በልተሻል ማለት እኮ ነው! ሌባ ቢላት ይሻላት ነበር፤ ለሌብነት ምስክር ይጠራል። ጾምን ከአላህ በቀር ማን ያይላታል? ያን ዕለት ያፈጠረችበት ተምር እንደ እሬት መረራት። የቢልቂስ አፍ ደግሞ መዝጊያ የለውም። በማግስቱ ወሬው ገበያ ደርሶ የደንበኞቿ ዓይን ከበርበሬው ይልቅ አፏን ያይ ጀመር።

ከደንበኞቿ አንዷ እስከዳር የምትባል ነርስ ናት። ለሁዳዴ የሽሮ ቅመም ልትገዛ መጥታ ዙበይዳ ስታለቅስ አገኘቻት። ነገሩን ስትሰማ ነደዳት።

«እትዬ ዙበይዳ፣ ያ ሚዛን እኮ ስብ አያይም! በእግርሽ ሥር የማይሰማሽን ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካል። ኤሌክትሪኩ ውሃ ባለበት ቶሎ ያልፋል፣ ስብ ላይ ይቸገራል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጪ ስትቆሚበት መንገዱ ይደርቅበትና ‹ስብ ነው› ብሎ ይገምታል። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ተለክቶ ከወር ወር ሲታይ ነው ትንሽ ቁም ነገር ያለው። ደሞ ሴት በስብ ከወንድ ጋር አትወዳደርም፤ ሲፈጥረን የኛ ይበልጣል።»

«እንግዲያ ቁጥሩን ወደ ላይ ያወጣው…»

«ጾምሽ ነው።»

«እስኪ በማርያም በይ!» አለቻት ዙበይዳ። እስከዳርም ማለችላት።

ማታ ካሊድ ሲገባ መግሪብ አልደረሰም። «ዛሬ ደሞ አንተ ውጣበት» አለችው። እሱ ራሱን የሚለካው ጎህ ሳይቀድ፣ ሱሑሩን በልቶ ውሃውን ከጠገበ በኋላ ነበር። እየሳቀ ወጣ። ሃያ ሰባት አለው።

«አንተስ መጋዘኑ ውስጥ ምን በላህ?» አለችው።

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። እስከዳር ያለቻትን አንድ ሳታስቀር ነገረችው። አዛኑ ተሰማ። ከዚያ ተምሩን እያላመጠ «አይ ርካሽ ዕቃ!» ብሎ ሚዛኑን በእግሩ ገፍቶ አልጋ ሥር ሰደደው። ይኸው ነው፤ ጥፋቱን ለዕቃ ሰጥቶ ተገላገለ። ቢልቂስን ጠርቶ «በሚስቴ ላይ ዋሽቻለሁ» አላላትም። ገበያ ወርዶም ስሟን አላጠበላትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

የኢድ ዕለት ሰዉ ሁሉ «አፉ በለኝ፣ አፉ በይኝ» እየተባባለ ይቅር ሲባባል፣ ካሊድም አዲስ ጀለቢያ ለብሶ ወደ ሚስቱ ቀረብ አለ። ቢልቂስ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ዙቤ፣ ያው እንግዲህ… በሚዛኑ ነገር አፉ በይኝ» አላት።

ዙበይዳ ለእንግዶቹ ምግብ እያቀረበች ነበር። ሳህኑን አስቀምጣ ቀና አለች።

«ሚዛኑንስ አፉ ብየዋለሁ» አለችው። «እሱ አያውቀኝም።»