ስሟን የቀየረች ባልትና

ከዳንግላ ልወጣ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ሻንጣዬን መሸከፍ ትቼ የባልትናችንን የኢንተርኔት ገጽ ፎቶ ሳስተካክል አመሸሁ። ትስቁ ይሆናል። የምሄድበትን አገር በቴሌቪዥን እንጂ አላውቀውም፤ ገጹን ግን ራሴ ከፍቼ፣ የበርበሬውንና የሽሮውን ፎቶ ራሴ አንስቼ፣ ለጠየቀ ሁሉ ራሴ መልሼ ነው ያሳደግሁት። እማማ ውዴ፣ የባሌ እናት፣ የተሰጣውን በርበሬ ከግቢ አስገብተው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«አንቺ ስትሄጂ ያቺን ሱቅሽን ማን ይጠብቃታል?» አሉኝ በአዊኛ። ገጹን «ያቺ ሱቅሽ» ነው የሚሉት። ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በአዊኛ ነው የሚያወሩት፤ አማርኛቸውን ለቀበሌና ለእንግዳ ነው የሚያወጡት።

«እዚያም ሆኜ እጠብቃታለሁ፣ እማማ። ስልክ ውስጥ አይደለች?»

«እንግዲያው አንቺም እዚያው ስልክ ውስጥ እንዳትቀሪ» አሉና በርበሬያቸውን መቀንጠስ ጀመሩ።

ስለ ስሜ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። እናቴ ከእኔ በፊት አራት ሴቶች ወልዳለች። አምስተኛዋም ሴት ናት ሲባል አባቴ «ትሁን» አለ ይላሉ፤ በዚያው ስሜ ትሁን ሆኖ ቀረ። ፓስፖርቴም ላይ ትሁን ነኝ። ከተወለድኩባት ከአዘና ወደ ዳንግላ ስዳር ግን፣ ለሙሽራ ስም የምታወጣው አማት ናትና፣ እማማ ውዴ «አለኝታ» አሉኝ። አባቴ «ምን ይደረግ» ብሎ የተቀበለኝን ልጅ እሳቸው መመኪያዬ አሉኝ። እኛ ዘንድ ያ ስም የሚለወጠው ሴቲቱ ሌላ ባል አግብታ ሌላ አማት ሌላ ስም ሲያወጡላት ነው። ባሌ በሕመም ሲሞትም ከቤታቸው አልወጣሁም፤ ልጄን ሕይወትን አብረን አሳደግን። ባልትናውን ስንከፍት ስሙ ምን ይሁን ብሎ የተከራከረም የለም። አለኝታ ባልትና ሆነ።

ወደ ዓረብ አገር የሄድኩት ለወፍጮ መግዣ ላጠራቅም ነው። ባልትና ይዞ የሰው ወፍጮ ደጃፍ መሰለፍ ምን ማለት እንደሆነ የተሰለፈ ያውቀዋል። ጠዋት በጋሪ መናኸሪያ ወረድን፤ እማማ ውዴ ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ መስኮቱን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። አላለቀሱም። ባህር ዳር እስክደርስ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ሻርጃ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን ለቤት ሠራተኝነት የቀጠረችኝ ማዳሜ ስሜን ጠየቀችኝ። ትሁን አልኳት። ሁለት ጊዜ ሞክራ ተወችው። «ከአንቺ በፊት የነበረችው ሳራ ነበረች፤ ልጆቹ ለምደውታል፤ አንቺም ሳራ ሁኚ» አለችኝ። ስሙም ከመጥረጊያው ጋር የቤቱ ዕቃ ነው መሰለኝ። ሁለት ዓመት ሳራ ሆንኩ። ሙቀቱን አልነግራችሁም፤ የድንች ድስት ክዳን ስትከፍቱ ፊታችሁን የሚመታውን እንፋሎት አስቡት፣ ያ ነው ቀኑን ሙሉ። ድንቹማ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በረዶ ሆኖ ነው የሚሸጠው። የእንጅባራን ድንች ለሚያውቅ ሰው ይህ ስድብ ነው።

ኮንትራቴ ሲያልቅ ቢሮ የሚያጸዳ ድርጅት ገባሁና ከአንድ ኮያ ከሚባል፣ እኔንም በሳራ ከሚያውቀኝ ህንዳዊ አልጋ ተከራየሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት አልጋ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የኮያ ባቃላ አለ፤ ባቃላ እዚህ የሰፈር ሱቅ ማለት ነው። አንድ ቀን ከቤት የተላከልኝን በርበሬ አሸተተና በሁለታችንም የተሰባበረ አረብኛ ንግግር ጀመርን።

«የአገርሽ ሰዎች ይህን ይጠይቁኛል። መደርደሪያ እሰጥሻለሁ። ገጽ አለሽ?»

አሳየሁት። «አሌ… አሌንታ?»

«አለኝታ።»

«አሌንጋ። እሺ፣ ባልቲናስ ማናት? እህትሽ ናት?»

«ባልትና የሰው ስም አይደለም። ቅመም፣ በርበሬ፣ ሽሮ ማለት ነው።»

«ታዲያ ቅመም በይው! ሳራ ቅመም። ሳራን ማንም ይላታል።»

«አልጋዬ ትኋን አለበት ብዬህ ነበር» አልኩት፤ ነገር ለማስቀየር። ትኋንና ትሁን ስለሚቀራረቡ ተማሪ ቤት ሲቀለድብኝ ነው ያደግሁት፤ ለኮያ ግን ይህን ማስረዳት አይቻልም።

«አንቺ ስሙን ቀይሪ፣ እኔ ፍራሹን እቀይራለሁ» አለኝ።

መደርደሪያ ማለት ወፍጮው ቀረበ ማለት ነው። በምሳ እረፍቴ ስሙን ቀየርኩት። «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ስልኩ ጠየቀኝ፣ ነኝ አልኩ። ለገጹ ተከታዮች ሁሉ ማሳወቂያ እንደሚሄድ አላሰብኩም። ዳንግላ ስልክ የያዘ ሁሉ «አለኝታ ባልትና ስሙን ወደ ሳራ ቅመም ቀይሯል» የሚል ደረሰው። ሰው ደግሞ ባልትናን ዘሎ አነበበና፣ አለኝታ ስሟን ቀየረች አለ።

ከሥራ ስወጣ ገጹ ምርቃት በምርቃት ሆኗል። «እንኳን ደስ አለሽ! አዲሷ አማትሽ ደግ ናቸው?» «ሳራ ብለው አወጡልሽ? ጊዜው ሠልጥኗል!» መጀመሪያ ሳቅሁ፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ጎረቤታችን የሺ ደወለች።

«ኧረ ምነው አለኝታ! እማማ ውዴ ከገበያ ባዶ ዘንቢል ይዘው ተመለሱ። ባለጋሪው ‹ምራትዎ አገባች አሉ› ብሎ ነገራቸው።»

ወዲያው ደወልኩ።

«ማን ልበል?» አሉ እማማ ውዴ። በአማርኛ።

ሦስት ዓመት እሑድ እሑድ ደውያለሁ፤ ማን ልበል ተብዬ አላውቅም። «እኔ ነኝ እማማ» አልኩ በአዊኛ።

«እኔ ማለት ማን?»

«አለኝታ።»

«አለኝታ የምትባል እዚህ ቤት ነበረች። አሁን ስሟን ለውጣለች ይላሉ። ማነው የለወጠው?»

«ኮያ ነው፣ እማማ፣ ግን…»

«ኮያ ማነው?»

«አከራዬ ነው።»

መሳሳቴ የገባኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። «የምትተኚበት ቤት ባለቤት ስም አወጣልሽ?» አሉና ስልኩ ተዘጋ።

ወሬው አይደለም ያስፈራኝ፤ ወሬ ሲሰለቸው ይተዋል። ልጄ እሳቸው ጋር ናት። የባሌ መቃብር እዚያ ነው። እሳቸው አግብታለች ብለው ካመኑ የምመለስበት ቤት የለኝም፤ ወፍጮውንም የምተክልበት ግቢ የለኝም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ስሙን ልመልስ ስል ገጹ፣ በቅርቡ ስለተቀየረ ሰባት ቀን ጠብቂ አለኝ። እርዳታ በሚለው በኩል ጻፍኩ። ሰው ይሁን ማሽን ያልለየሁት «ሰላም ሳራ!» ብሎ ጀመረኝ።

«ሳራ አይደለሁም» አልኩት።

አለኝታ የሚለው ስም የእኔ መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ላኪ አለኝ። ፓስፖርቴን ላክሁ፤ ትሁን ይላል። የመኖሪያ ፈቃዴን ላክሁ፤ ትሁን ይላል። «አለኝታ የሚል አላገኘንም» አለኝ።

«ወረቀት ላይ የለም። የባሌ እናት ናቸው ያወጡልኝ።»

«የባልሽ እናት የገጹ አስተዳዳሪ ናቸው?»

አዎ ልለው ምንም አልቀረኝም።

ሰባቱን ቀን በየቀኑ ደወልኩ። የምታነሳው ሕይወት ናት። «አያቴ በርበሬ እየቀነጠሰች ነው» ትለኛለች፤ በክረምት ምን በርበሬ አለ! ስምንተኛው ቀን ሲነጋ ስሙን መለስኩት፤ አለኝታ ባልትና። ኮያ ሲያየው መደርደሪያውን ለሻይ ቅጠል ሰጠ፣ ፍራሹንም አልቀየረው። ወፍጮው እንግዲህ ይቆያል።

ያን ቀን ደወልኩና ሕይወትን የገጹን ስም ከየሺ ስልክ ላይ ለአያቷ እንድታነብላቸው ነገርኳት። ፊደል እየቆጠረች «አ፣ ለ፣ ኝ፣ ታ» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ስልኩን እሳቸው ተቀበሉ። ትንፋሻቸውን አውቀዋለሁ።

«እማማ» አልኩ፣ «ሱቋ እንደ ድሮዋ አለኝታ ሆናለች። አላገባሁም። ሕይወትን ለእርስዎ ትቼ የትም አልቀርም፤ እመጣለሁ።»

የዳንግላ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በስልኩ ይሰማኛል።

«ትሁን» አሉ።

በአዊኛ ቢሉት ኖሮ ይለይልኝ ነበር። ሱቋን ነው፣ እሺ ትሁን ያሏት? ወይስ እኔን ነው፣ አባቴ ባወጣልኝ ስም የጠሩኝ? አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። መጠየቅ ፈራሁ። ጠርተውኝ ከሆነ ግን ጥሪያቸው መልስ እንዳያጣ ብዬ «አቤት፣ እማማ» አልኩ። ዝናቡ ብቻ ነው የተሰማኝ፤ «አቤት» አልኩ ደግሜ።