«እርስዎ» የተባለው ልጅ

ወንድሜ ዘውዴ ልጁን «እርስዎ» ማለት የጀመረው በኮሮናው ዓመት ነው። እኔ እህቱ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ልጅ አባቱን «አንተ» ይላል፣ አባት ልጁን «ይቀመጡ፣ ይብሉ» ይላል። እንዲህ ያለ ቤት ሰፈራችን ሲልቬራዶ ራንች ቀርቶ መላው ላስ ቬጋስ ቢታሰስ አይገኝም።

ነገሩ ግን ለሳቅ ብቻ አልነበረም። ልጁ አርያም ሲወለድ ሴት ተብሎ ነበር፤ እሱ ግን ወንድ መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ሃያዎቹን ሲያጋምስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የወንድ ሆርሞን መርፌ ጀመረ። አማርኛችን ደግሞ መሸሻ የለውም፤ ወይ «ውሃ ስጪኝ» ነው፣ ወይ «ውሃ ስጠኝ»። ዘውዴ «አንቺ» ቢል ልጁ እንደሚከፋው ገብቶታል፤ «አንተ» እንዳይል አፉ እምቢ አለው። ስለዚህ አክብሮት ውስጥ ተደበቀ።

አርያም ዳውንታውን አንድ ካዚኖ ውስጥ ሴኪዩሪቲ ነው። በኮሮናው ተዘግቶ የነበረው ካዚኖ ሲከፈት ድምፁ መጎርነን ጀምሯል፤ መሀል ላይ እየተሰበረ ያሳፍረው ነበር። ፊቱ ብጉር አወጣ፣ ፍሪጅ ባዶ እስኪቀር ይበላ ጀመር፣ የሚያቆጠቁጠውን ጢም ማስኩ ሸፈነለት። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያ በትንሽ በትልቁ የሚቆጣ፣ መስታወት የሚሸሽ ልጅ እያፏጨ ዕቃ ያጥብ ጀመር። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነው ነበር።

«አክስቴ፣» አለኝ አንድ ቀን፣ «አባዬ እኮ እንደ እንግዳ ነው የሚያየኝ።»

በተከታዩ ዓመት ጡቱን በኦፕራሲዮን አስወገደ። ሐኪሞቹ እጁን ከትከሻው በላይ እንዳያነሳ አስጠነቀቁት። ዘውዴም አስታማሚ ሆነ፤ ሸሚዙን ይቆልፍለታል፣ ሾርባ እያቀረበ «ይጠጡ» ይለዋል። ልጁ ሕመሙን ችሎ ይጠጣል።

አንድ ጠዋት ኩሽና ተቀምጠን ሳለ አርያም ረሳውና ከላይኛው መደርደሪያ ኩባያ ሊያወርድ እጁን ሰደደ። ዘውዴ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ተው አንተ! እጅህን አውርድ፤ ስፌቱን ልትበጥሰው ነው?»

አርያም እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ዘውዴ ያለውን ያወቀ አይመስልም፤ ይኼ ልጅ ራሱን አይጠብቅም እያለ እየተነጫነጨ ኩባያውን አወረደ።

አርያም በዚያ በጎርናና ድምፁ «እሺ አባዬ» አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ሲስቅ ስፌቱ ስለሚያመው ደረቱን በመዳፉ ደግፎ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?» አለ ዘውዴ። «ቁጭ በልና ብላ።»